ከችካሉ ሥር

ከኮዬ ፈጬ ማዶ፣ አስፋልቱ እንዳለቀ፣
የመጋቢት ፀሐይ መረሬውን ሰነጠቀ።
ችካል ተሸክሜ፣ ቀያሹን ስከተል፣
ስንለካ፣ ስንመታ፣ መስመር ስንቀጥል፣
ጉብታው ላይ ወጣን፤ ከቀዩ አፈር ስንደርስ
ሰባተኛው ችካል ዘመም አለ፣ ልፍስፍስ።

«በደንብ ምታው!» አለ ናሆም፣ ከባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ ጀርባ።
መታሁት።
ችካሉ እስከ ቀይ አናቱ ከምድር ሆድ ገባ።
ድምፁ የእንጨት አይደለም፤ የባዶ ጋን ነው፤
ከታች አንድ ሰው «ማነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው።

ጥበቃው ጉርሜሳ ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ሳቀ።
(ይህ ጉብታ የእሱ ነበር፤ ገብስ ዘርቶበት ያውቃል፤
ዛሬ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ዱላና ባትሪ ይዞ
የገዛ መሬቱን ከገዛ ራሱ ይጠብቃል።)

«ፍልፈል ነው» አለን። «ስንት ዓመት ወጥመድ አጠመድኩለት፣
ስንት ዓመት ገብሴን ከሥሩ መንገድ ሠራበት!
አሁን ደግሞ እናንተ ሞክሩ፤ ይቅናችሁ፤
እሱ ካሳ አይቀበል፣ ፈርሞ አይለቅላችሁ።»

አካፋ አነሣሁ። ጉድጓዱን በቀስታ ገለጥኩት።
(ናሆም ስልክ ያወራል፤ እሱን ተውኩት።)
መጀመሪያ ጉርጥ፤
ሆዱን ርጥብ አፈር ላይ ለጥፎ የተቀመጠ፣
ላዩ ምድር ሲነድ ወዙ ያልተለወጠ።
ከጉርጡ ጀርባ ጢንዚዛ፣ ጥቁር፣ እንደ ተወለወለ ጫማ፣
ከፍልፈል ጓዳ የተረፈ ሥር የሚጎትት በጨለማ።
ቀንድ አውጣ፣ በሩን ዘግቶ ክረምትን የሚጠብቅ፤
ክር የምታህል ትል፣ ብርሃን ሲነካት የምትሳቀቅ፤
ሸረሪት፣ ድሯን ኮሪደሩ ላይ አስጥታ፣
«እለፉ፣ ግን ጎንበስ በሉ» የምትል በዝምታ።

አለፍ ብሎ፣ ሣሩ ሥር፣ አሮጌው ጓዳ ያለበት፣
ፍልፈሉ ትቶት የሄደ፣ ማንም ያልተመዘገበበት፣
የጤፍ አገዳ የመሰለ ቀዳዳ፣ አፉ ሰም የተቀባ፣
አንድ ጥቁር ነገር ሲወጣ፣ አንድ ጥቁር ነገር ሲገባ።

ጉርሜሳ ተንበረከከ፣ ጆሮውን ከመሬት ጣለ፤
«ጣዝማ» አለ። ድምፁ እንዲያ ዝቅ ያለ
ሰምቼው አላውቅም።
«ልጄ ስታስል እናቷ የሰጠቻት ከዚህ የወጣ ማር ነው።
ጣዝማ መቆፈር አትችልም፤ ክንፍ እንጂ ጥፍር የላትም፤
ቆፍሮ የተወላት ከሌለ፣ ቤት የላትም።»

እኔ የዘጠና ሰባት ተመዝጋቢ ነኝ።
በየዕጣው ስሜን ስፈልግ የጋዜጣ ቀለም ጣቴን ያጠቆርኩ፣
አምስት ሰፈር ተከራይቼ አምስቴ ጓዜን ያዞርኩ፣
አከራዬ «ውሃ አበዛህ» ስትለኝ ያቀረቀርኩ።
እዚህ ግን ቁጠባ የለ፣ ዕጣ የለ፣ ደላላ የለ፤
አንድ ዓይነ ደካማ ቆፋሪ፣ ለሆዱ ብሎ፣ ለሥር ብሎ፣
ከአፈር ጋር ሲታገል፣ ሳያስበው ቤት አደለ።
ጅብ በቀደደው ውሻ ይገባል ሲባል፣ ለስድብ ነው፤
ፍልፈል በቀደደው መንደር ሲገባስ፣ የሚተርት ማነው?

ደግ አይደለም። ጉርሜሳ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ የጥርስ ጠባሳ።
ለማንም አላሰበም፤ ቆፈረ፣ በላ፣ ደግሞ ለቁፋሮ ተነሣ።

ናሆም መጣ። «ሰባተኛውስ?» አለ። ሁለት እርምጃ ወስጄ
ጠንከር ያለ ቦታ ላይ ተከልኩት፣ ጉድጓዱን በሣር ጋርጄ።
በመሣሪያው አየ፤ ከመሣሪያው ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤
«ሁለት ሜትር እኮ የአንድ ሰው ማድ ቤት ነው» አለኝ።
ግን ጻፈው።

ሎደሩ የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው።
ለሎደር ሁለት ሜትር ምንም እንዳይደለ
እኔም አውቃለሁ፣ ጉርሜሳም ያውቃል፤
ጉርጡ ብቻ ነው የማያውቀው።

በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ፣
ጉርሜሳ በዱላው ጠቆመን፣ ያለ አንድ ቃል፤
ከአዲሱ ችካል ሥር
ትኩስ ቀይ አፈር ጉብ ብሏል።